አድራሻውን የሚያውቅ መድኃኒት

የጋሽ ፈንታሁን ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አናደደኝ። «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ከሁሉ ተግባቢ፣ ቁምነገረኛ» ይላል። ደብረ ታቦር ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ታታሪ ያልሆነ ሰው ሲቀበር አላየሁም፤ ከሰው የማይግባባ ሟችም አጋጥሞኝ አያውቅም። አንባቢው ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው ያነበበውን ወረቀት ስሙን ብቻ ለውጦ ያመጣው ነው የሚመስለው። አጠገቤ የቆመችው የጤና ጣቢያችን የድሮ የጽዳት ሠራተኛ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ሲስተር፣ ቀብር ተሳስተን ይሆን እንዴ?» አለችኝ። በሐዘን መሃል ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳልጨርሰው ግን ወደ እንባ ተገለበጠብኝ።

ስለዚህ እውነቱን እኔ ልጻፈው። ጋሽ ፈንታሁን ሰው አክባሪ አልነበሩም፤ ቢሆኑ ኖሮ ያን ሁሉ ተራ ጠባቂ ፀሐይ ላይ አያቆሙትም ነበር። ተግባቢም አልነበሩም፤ ከእሳቸው ጋር መግባባት ማለት አፍን ዘግቶ ማዳመጥ ነበር። የነበራቸው ጠባይ አንድ ነው፤ ያወቁትን ነገር ለሰው ሳይነግሩ ማደር አይችሉም። ይህ ጠባይ ሰው ያድናል፣ ሰውም ያጠፋል። በእሳቸው እጅ ሁለቱም ሲቀራረቡ ቆሜ አይቻለሁ።

አብረን የሠራነው ከከተማው ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የዚያን ጊዜው ኃላፊ ዛሬም በሕይወትም በሹመትም አለ። ጋሽ ፈንታሁን መድኃኒት ቤቱን ይዘዋል። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ በእርዳታ የመጣውን አልትራሳውንድ የምሠራበትም እኔ ነበርኩ።

የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፈተና መቀበያ ነበር ማለት ይቻላል። ከጉና ሥር በእግሩ የመጣ ገበሬ ወረቀቱን ሲያቀብላቸው ክኒኑን ያወጡና አይሰጡትም፤ በጣታቸው ይዘው ያሳዩታል።

«ይህ ሲዋጥ የት ይሄዳል?»

«ወደ ሆዴ ነዋ!»

«ከዚያስ?»

«እኔን ምን ይጠይቁኛል ጌታው፤ እሱ መንገዱን አያውቅም?»

«አያውቅም! ችግሩ እኮ እሱ ነው፤ አያውቅም!» ይላሉ በእስክሪብቶ ክዳን መስታወቱን እየቆረቆሩ። «ክኒን መዋጥ ማለት ገበያ መሃል ቆሞ ‹አያሌው!› ብሎ መጣራት ነው። ስንቱ አያሌው ይዞራል መሰለህ! የምትፈልገው አያሌው ግን ጠላ ቤት ተቀምጧል፣ አልሰማህም።» ከዚያ ደም መድኃኒቱን እንዴት ከጭንቅላት እስከ ጥፍር እንደሚያዞረው፣ የካንሰር መድኃኒት ዕጢውን ፍለጋ ሲዞር ፀጉርና ጨጓራን እንዴት እንደሚጎዳ ያስረዳሉ። ሰውየው የመጣው ለራስ ምታት ነው። ከኋላ የተሰለፉት «ኧረ ጋሼ፣ አያሌውን ይተውትና እኛን ይሸኙን!» እያሉ ይጮኻሉ።

አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ። አልጋው ላይ ነፍሰ ጡር ተኝታለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ቆመው ጀመሩ።

«ትርንጎ፣ ድምፅ ምን መሥራት እንደሚችል ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ ሰው አለ።»

«ይስሙ፤ ይጠቅማቸዋል።»

ነገሩ እውነትም የሚያስደንቅ ነበር። ተመራማሪዎች መድኃኒትን በዓይን በማይታይ አረፋ ውስጥ አሽገው በደም ሥር ይሰዱታል። አረፋው እንደተዘጋ ይዞራል፣ ማንንም አይነካም። ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ከውጭ በኩል ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ሲላክበት ግን እዚያው ይፈነዳና መድኃኒቱን እዚያው ይለቃል። ለማይድን ቁስልም እየሞከሩት ነው አሉ። ተዋሲያኑ ቁስሉ ውስጥ ንፍጥ የመሰለ ሽፋን ሠርተው ይደበቃሉ፤ ድምፁና አረፋው ሽፋኑን ይቀድዱትና መድኃኒቱ ይገባል። የቁስሉን ነገር ሁለት ጊዜ ደገሙልኝ። «አድራሻውን የሚያውቅ መድኃኒት!» አሉ። በመጨረሻም፣ ነገሩ ገና በሙከራ ላይ እንደሆነና የእኔ መሣሪያ ፅንስ ከማሳየት በቀር ይህን መሥራት እንደማይችል ተናገሩ። ይህን ለማለታቸው እኔ ምስክር ነኝ። ክፋቱ ጋሽ ፈንታሁን ዋናውን ነገር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚናገሩት፤ እሳቸውን እስከ መጨረሻ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ደብረ ታቦር አልፈጠረባትም።

ጤና ጣቢያችን ጠዋት ጠዋት፣ የካርድ ክፍሉ መስኮት እስኪከፈት፣ አግዳሚ ላይ ለተቀመጠው ሕዝብ የጤና ትምህርት ይሰጣል። ሠራተኛው በየተራው ይቆማል። የጋሽ ፈንታሁን ተራ ደረሰ፤ የተሰጣቸው ርዕስ «መድኃኒትን ጀምሮ አለማቋረጥ» ነበር። ርዕሱን በሁለት ቃል ጨርሰው ወደ አረፋው ገቡ። ሕዝቡ ያን ቀን አዳመጠ፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አልነበረም። ዕጢ ሳይቆረጥ ሲጠፋ፣ ቁስል ሳይነካ ሲደርቅ በእጃቸው ሥለው አሳዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ነገር ግን…» ሲሉ የካርድ ክፍሉ መስኮት ተከፈተ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ተጋፋ። «ነገር ግን» የሰማው ባዶ አግዳሚ ነው።

በማግሥቱ ከገሳይ የመጡ አንዲት አሮጊት ባላቸውን እየጎተቱ ነፍሰ ጡሮቹን ጥሰው ገቡ። ሽማግሌው አፋቸውን ግጥም አድርገዋል።

«ቶሎ በይ ልጄ! በር ላይ ነው የዋጠው፤ ሳያልፍ አፈንጂልን!»

«ምናቸውን ነው የሚያማቸው?»

«ጉልበቱን። እስካሁን ደረት ላይ ቢደርስ ነው፤ ውረጅና ጠብቂው!»

ከእነሱ በኋላ ማን ያቁመው። ከጣራ ገዳም በጀሪካን ያመጣውን ጠበል እዚሁ ጠጥቶ ወደ ኩላሊቱ እንድነዳለት የለመነኝ ሰው ነበር። መሣሪያው የእርጉዝ ነው ብል፣ «ከእርጉዝ ሆድ ሰው የሚያይ የኔን ጉልበት ማየት ምን ይቸግረዋል?» ይሉኛል። እኔም ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ ማስረዳቱ ሲሰለቸኝ የሽማግሌውን ጉልበት ቅባት ቀብቼ መሣሪያውን ሁለቴ አሳለፍኩበት። «ሕመሙ ተወኝ!» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ወሬው በእሳቸው አፍ ገሳይ ደረሰ።

ኃላፊያችን ይህን ሲያይ አልተቆጣም። ሪፖርት አዘጋጀ። የአልትራሳውንድ ቅጹ «ነፍሰ ጡር» ከሚል ዓምድ በቀር ሌላ ስለሌለው የመጣው ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ ገባ። የገሳዩ ሽማግሌ በዚያ ወር የመጀመሪያ ክትትላቸውን የጀመሩ እናት ሆነው ለበላይ አካል ተላለፉ። ብዙም ሳይቆይ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ የእናቶች ክትትል ከሌሎች ጤና ጣቢያዎች ልቆ ተገኝቷልና ምርጥ ተሞክሮ ሊቀስሙ እንግዶች ይመጣሉ ይላል። ኃላፊው ጋሽ ፈንታሁንን በስብሰባ ላይ አስጨበጨበላቸው። እሳቸው ለምን እንደሚጨበጨብ አልገባቸውም፤ ግን ተነሥተው አመስግነው ስለ አረፋው ትንሽ ጨመሩበት።

እስከዚህ ድረስ የሳቅ ነገር ነበር። ሳቁ እመቤት ላይ ሲደርስ ቆመ።

እመቤት ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ልጅ ናት። ስምንት ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር፤ እኔም ወደ ባሕር ዳር ላክኋት። እዚያ ናሙና ተወስዶ ካንሰር እንደሆነ፣ ገና ትንሽ እንደሆነና ሳትዘገይ ለቀዶ ሕክምና እንድትገባ ተጻፈላት። ቀኗ ሲደርስ መሄድ አለመሄዷን ልጠይቃት ገባሁ። የአንዷን ሹሩባ እየሠራች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«አልሄድኩም። ጋሽ ፈንታሁን ያሉትን እጠብቃለሁ።»

«እመቤት፣ እሱ እኮ እዚህ የለም!»

«ያን ጠዋት እኔ ራሴ ነበርኩ ሲስተር፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ስምንት ዓመት የሰው ወለል ስጠርግ ገላዬን ይዤ ነው የተመለስኩ። አገሬ ገብቼ ልቁረጠው? ሳይቆረጥ የሚድን ከሆነ ምን አስቸኮለኝ?»

በቀጥታ ሄጄ ለጋሽ ፈንታሁን ነገርኳቸው። የያዙት የክኒን ብልቃጥ ከእጃቸው ላይ ቆየ፤ አላስቀመጡትም፣ አልከፈቱትም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ጠራቸው። እሳቸውን ቃል ሲያጥራቸው ያየሁት ያኔ ነው፤ ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር፣ አላለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ተራቸው ሳይሆን አግዳሚው ፊት ቆሙ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጨረሻው ጀመሩ።

«ያ የነገርኳችሁ ሕክምና እዚህ የለም። ገና እየተሞከረ ነው። የሲስተር ትርንጎ መሣሪያ ፅንስ ማያ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀጠሮ የተሰጣችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«ባለፈው የነበረ ዛሬ የት ሄደ?»

«ለባለሥልጣን ዘመድ ሊያስቀሩት ነዋ!»

«አይ ጋሽ ፈንታሁን! አስፈራርተዋቸው ነው እንጂ እሳቸው እንዲህ አይሉም ነበር።»

ከሰዓት በኋላ የእኔ በር ላይ የቆመው ሰው ከመቼውም በዛ፤ ሳያልቅ ልድረስ ያለ ሁሉ መጥቷል። የገሳዩ ሽማግሌም ለሌላኛው ጉልበታቸው ተመልሰዋል። ኃላፊው ጋሽ ፈንታሁንን ቢሮ አስጠርቶ «እንግዳ ሊመጣ ሲል ለምን ሕዝብ ያደናግራሉ?» አላቸው። «ሽማግሌውን ሁሉ እርጉዝ ብለህ የጻፍከው አንተ፣ የማደናግረው እኔ?» አሉት። ያልተፈቀደ ትምህርት በመስጠት የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። እንግዲህ የተሳሳቱ ቀን ተጨበጨበላቸው፣ እውነቱን የተናገሩ ቀን ማኅደራቸው ቆሸሸ። ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው «ምሳ ሰዓት ነው፤ እመቤት ዘንድ ውሰጂኝ» አሉኝ።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሽ ፈንታሁን ወንድ እዚያ ገብቶ የማያውቅ መሆኑን ረስተው መሃል ላይ ቆሙና ማስረዳት ጀመሩ፦ ዕጢ እንዴት እንደሚያድግ፣ ዛሬ ትንሽ የሆነው ለምን ነገ እንደማይጠብቅ። ሁሉም ልክ ነበር። እመቤት ማበጠሪያዋን አስቀመጠችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠቻቸው።

«ጨረሱ ጋሼ?»

«አልጨረስኩም።»

«እግርዎስ?»

ጋሽ ፈንታሁን ስኳር ነበረባቸው። ግራ እግራቸው ጣት ላይ የማይድን ቁስል ከያዛቸው ከርሟል። የጤና መኮንናችን ባሕር ዳር እንዲሄዱ፣ ጣቷ መነሣት ሳይኖርባት እንደማይቀር ነግሯቸው ነበር። አልሄዱም። ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ዘግተው ራሳቸው ያሽጉታል። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሽታው ሲመጣ መስኮት እንከፍትና ስለ ዝናብ እናወራ ነበር። ሰው የሚያክም ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን የባልደረባችንን እግር በይሉኝታ አበሰበስነው። እኔም አንዷ ነኝ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«እኔ አልተማርኩም፣ የሰማሁትን አመንኩ» አለች እመቤት። «እርስዎ ግን ሁሉን ያውቃሉ። እሱን እየጠበቁ አይደል እንዴ የተቀመጡ? እርስዎ የሚጠብቁትን እኔ ብጠብቅ ምኑ ነው ጥፋቱ?»

ካስክ ሥር ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ጭንቅላታቸውን አወጡ። ጋሽ ፈንታሁን ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የማጠቢያው ወንበር ነበር።

«ሰኞ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ» አሉ። «አንቺም ነዪ። ካልመጣሽ እወርዳለሁ።»

«ያስፈራሩኛል?»

«ማስፈራራት አይደለም። የምፈራው እኔ ነኝ። ብቻዬን ከሆንኩ እንደምወርድ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ።»

እመቤት ማበጠሪያዋን አነሣችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሰኞ መናኸሪያ ደረስኩ፤ ሁለቱንም ላደርስ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እግራቸው መወጣጫው ላይ ነው። መኪናው ሞላ። ረዳቱ «እንሂድ!» አለ። ጋሽ ፈንታሁን የወንበሩን ብረት ይዘው ሊነሡ ሲሉ እመቤት ከማዶ ስትመጣ ታየች፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ሻሽ ጣል አድርጋ፣ ጥፍሮቿን ቀለም ተቀብታ።

«ምን ስትሠሪ ነው!» ብለው ጮኹባት።

«ፀጉሬን ነዋ! ሐኪም ፊት እንደ ለማኝ ልቅረብ እንዴ?» ብላ አልፋቸው ገብታ ተቀመጠች። እስከ ወረታ ድረስ ጋሽ ፈንታሁን አጠገባቸው ላለው ተሳፋሪ ስለ ስኳር በሽታ አስተማሩ። ከወረታ በኋላ ዝም አሉ።

ባሕር ዳር እመቤት በሦስተኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ጋሽ ፈንታሁን እግራቸውን ለማሳየት ወረፋ ይዘው ነበር፤ ትተውት መጥተው በሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ስለ ማደንዘዣ የሚያውቁትን አልነገሩኝም። የእመቤትን ሻሽ ጉልበታቸው ላይ አድርገው እያጠፉ ይፈቱታል። ሰዓቱ አልሄድ አለን። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ወጣች፤ ከእኔ ልጅ ብዙም አትበልጥ።

«ደህና ናት። በጊዜ መጥታለች» አለች።

ጋሽ ፈንታሁን ሻሹን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው ነው ያለቀሱት፤ ሰው ዞሮ አያቸው፣ ግድም አልሰጣቸው። እመቤት ዛሬም ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት፤ ያን ለቅሶ ስነግራት ታፍርና ጭንቅላቴን ጎተት ታደርገዋለች።

ሐኪሟ ልትሄድ ስትል ሽታው ሳይሰማት አልቀረም፤ ተመለሰችና ተንበርክካ እግራቸውን አየች። ፋሻውን ራሷ ፈታችው።

«አባቴ፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ጣት ብቻ ነበር።»

«አሁንስ?»

እጇን ከጉልበታቸው ዝቅ አድርጋ አሳረፈች። ጋሽ ፈንታሁን እጇ ያረፈበትን ቦታ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲተኙ ቅጽ አመጣችና አጠገባቸው ተቀምጣ መሙላት ጀመረች። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። ከዚያ እንዲህ ያለ ቁስል ይዘው የሚመጡት ሩቅ ገጠር ያሉ ሰዎች ስለሆኑ ሳይሆን አይቀርም፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«ጤና ጣቢያ ከእርስዎ ይርቃል?»

ጋሽ ፈንታሁን ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እዚያው ነው የምሠራ» አሏት። «መድኃኒት ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ምን ብላ እንደምትሞላው ጠፋት።

«ግዴለሽም ልጄ፤» አሉ ጋሽ ፈንታሁን፣ «ይርቃል ብለሽ ጻፊ።»